በፍልሰታ የጾመች ማኪና

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴን አቶ ሰሎሞንን ሰላም ልል ብገባ፣ በግቢያቸው ያለችውን አሮጌ ማኪና በክሪክ አንሥተው የኋላ ጎማዋን ፈትተው አገኘኋቸው። አቶ ሰሎሞን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሌላው ሰው በጡረታው እርሻ ወይም ጸሎት ሲይዝ እሳቸው ይህችን ማኪና ያዙ። ለሰላምታ ጎንበስ ስል የአክስል ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። ይህ ሽታ ከሌላው ዘይት ሁሉ የተለየ ነው፤ ድኝና የከረመ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የተቃጠሉ ይመስላል፤ እጅ ከነካም በሳሙና አይለቅም። አቶ ሰሎሞን የጠቆረ ጣታቸውን አሳይተውኝ፣ «ይኸው፣ ዘይቱ በዘንጉ በኩል እየሾለከ ፍሬኑን አራሰብኝ» አሉ።

«አውቀዋለሁ» አልሁ። ድምፄ ውስጥ የነበረው ብስጭት እኔኑ አስደነቀኝ። ሰው በሰው ማኪና ዘይት ይህን ያህል አይበሳጭም። የተበሳጨሁት ከብዙ ዓመታት በፊት በጎንደር ከተማ፣ በአንድ የፍልሰታ ሰሞን፣ ሌላ ማኪና ሥር ተኝቼ በነበርሁበት ጊዜ ነው፤ ያ ብስጭት ቦታውን ሳይለቅ ኖሯል ማለት ነው።

ዓመቱን በትክክል መናገር አልችልም። ጣሊያን ከወጣ ዘመን አልፎታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ነበሩ። እኔ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ፣ ለክረምት እረፍት ወደ ጎንደር ተመልሼ ነበር። የሁለተኛውም ዓመት ሊሆን ይችላል። የማልጠራጠረው፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት እንዳለው፣ ምክንያቱም ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ግልጽ እንደሆነ አምን እንደነበር ነው።

ያረፍሁት በእናቴ ታላቅ ወንድም በአያ ተገኘ ቤት፣ አራዳ ነበር። አያ ተገኘ በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው፣ ዜማ ጀምረው፣ ጣሊያን ሲመጣ ከዜማው ቤት ወጥተው መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። ጣሊያን ሲሸሽ ትቷት የሄደ አንዲት የጭነት ማኪና እንዴት እጃቸው እንደገባች በየጊዜው የተለየ ታሪክ ይናገሩ ስለነበር፣ እኔም አንዱን መርጬ አልጽፍም። ከኋላዋ የእንጨት አግዳሚ አስገጥመው፣ ሸራ አልብሰው፣ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሰው ያመላልሱባት ነበር።

ስለ ሥራቸው ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱ ካልታወቀ የቀረው ሁሉ አይገባምና። አያ ተገኘ ሰው መጫን የሚወዱት ስለ ወሬው ነበር። ገና ማኪናዋ ሳትነሣ ተሳፋሪዎቹን ይመረምሩና ጨዋታ ያለበትን ሰው ከጎናቸው ያስቀምጣሉ። ችሎት ተረትቶ የሚመለስ ገበሬ፣ ለቅሶ ደርሳ የምትመለስ ባልቴት፣ ከመምህሩ የተጣላ የቆሎ ተማሪ፣ ሁሉም ለሳቸው ምሳ ነበሩ። የወገራን ዳገት ሲወጡ አንድ እጃቸው መሪው ላይ፣ አንድ ጆሯቸው ጎረቤታቸው አፍ ላይ ነው። «የተገኘ ማኪና የምትሄደው በቤንዚን አይደለም፣ በወሬ ነው» ይባል ነበር፤ ይህንንም ሲሰሙ እንደ ሹመት ይቆጥሩት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ማኪናዋ ታመመች። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያያይዘው አክስል ውስጥ ያለው ዘይት በግራው ጎማ በኩል እየወጣ እሳቸው «ከበሮ» የሚሉትን የፍሬኑን ክብ ብረት ያርሰዋል። ፍሬን ዘይት ከነካው አይዝም፤ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ይይዝና ማኪናዋን ወደ ጎን ይስባታል። አያ ተገኘ በየጉዞው መካከል ጎማውን እየፈቱ አመድ ይነሰንሱበት ነበር። አመዱ ዘይቱን ይጠጣል፤ ዘይቱም እንደገና ይመጣል።

መፍትሔው የታወቀ ነበር። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ከአክስሉ በሚወጣበት ቦታ ዘይቱን የሚከለክል የቆዳ ቀለበት አለ፤ ሹፌሮቹ በጣሊያን ቃል ፓራሊዮ ይሉታል። የኛው አርጅቶ አፉ ተከፍቶ ነበር። አዲስ ከውጭ የሚመጣ አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ጫማ ሰፊ ከበሬ ቆዳ አሳምሮ ቀደደልን። አዲስ ቆዳ ግን ደረቅ ነው። ዘንጉን አቅፎ እንዲይዝ በትኩስ ሞራ ተነክሮ፣ ስቡን እስኪጠግብ መቆየት አለበት። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አያ ተገኘ ናቸው።

ጊዜው ጠበበብን። ማኪናዎችን የሚመረምር ሰው ሊመጣ መሆኑ ተሰማ፤ ፍሬኗ ዘይት የነካ ማኪና የሰው መጫኛ ቦሎ አታገኝም ተባለ። መርማሪው የሚመጣው ደግሞ በፍልሰታ እኩሌታ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ቦሎው ከቀረ አያ ተገኘ ሰው መጫናቸው ይቀራል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር፤ ወይም ለእኔ ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ከቤቱ ማገር ላይ ለጠፍር ማለስለሻ የተቀመጠ ሞራ በገለባ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ጧት፣ ጉሙ ከግቢው ሳይነሣ፣ ማኪናዋ ሥር በጆንያ ላይ ተጋድመን አሮጌውን ቀለበት ካወጣን በኋላ፣

«አያ፣ ሞራውን ላውርደው?» አልኋቸው።

«ምን ልታደርገው?»

«ቀለበቱን ልነክርበት ነዋ።»

«በፍልሰታ?»

«የሚነከረው ቆዳው ነው እንጂ እኛ አይደለን።»

«ቆዳው የማን ነው?»

«የማኪናዋ።»

«ማኪናዋስ የማን ናት?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች ድንች ይልጡ ከነበረበት ከበሩ ሥር ሆነው፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ማኪናም ትጾማለች እንዴ? እንግዲያማ ቤንዚኑንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳታጠጧት!» አሉ።

«አንቺ ድንችሽን ላጪ።»

«ድንቹማ ተላጠ። መላጫ ያጣሁት ለናንተ ነገር ነው።»

አያ ተገኘ ከማኪናዋ ሥር ወጥተው፣ ጭቃውን ከጉልበታቸው እያራገፉ፣ ከዚያ በፊት ያልነገሩኝን ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት በፍልሰታ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እንቢ ብሏቸው ነበር። «ያን ጊዜ ጠራኋት» አሉ፣ የእመቤታችንን ስም ሳይጠሩ። «በጾምሽ ቅባት የሚባል ወደ ማኪናዬ አላስጠጋም አልኋት። ቆመች።»

«ድንጋይ ነው ያቆማት ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ፣ አያ።»

«ድንጋዩንስ ማን አስቀመጠው?»

ሌላ መንገድ ሞከርሁ። «የአክስሉ ዘይትስ? እሱ ቅባት አይደለም?»

«እሱማ ከመሬት የወጣ ነው። እንደ ኑግ ነው።» ይህን ሲናገሩ ነገሩ ለራሳቸው አዲስ ሐሳብ እንዳመጣላቸው ከፊታቸው አየሁ። «እንደ ኑግ ነው» ብለው ደገሙት። «በኑግ ዘይት እንነክረዋለና! ጾም ነው፤ ስለት ነው፤ ሁሉም በቦታው።»

ተቃወምሁ። የኑግ ዘይት የወጥ ዘይት እንደሆነ፣ ሙቀት ሲያገኘው እንደሚደርቅ፣ የድስት ዳር ላይ ሲቀር ሙጫ እንደሚሆን ተናገርሁ። ይህን በዚያን ጊዜ ማወቄን ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከሆነው ነገር በኋላ ያወቅሁትን ወደ ኋላ ወስጄ በአፌ አስቀምጬው ይሆናል። መቃወሜንና መጮኼን ግን አስታውሳለሁ። ወይዘሮ አንጓች ሁለታችንም ስላስቸገርናቸው የንስሐ አባታቸውን መምሬ ፈንታን አስጠሩ።

መምሬ ፈንታ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ዘመድ ስላላቸው የማኪናዋ የዘወትር ተሳፋሪ ነበሩ፤ የፊተኛውንም ወንበር የሚነሣቸው አልነበረም። ከፊታቸው የቀረበውን የሱፍ ፍትፍት እየበሉ ክርክሩን በጥሞና ሰሙ። ከዚያም እጃቸውን ጠርገው፣ «ልጄ ተገኘ፣ ጾም ለከርሥ የተሠራ ነው። ለጎማ የተሠራ ጾም በመጽሐፍም አላየሁም፣ ከመምህሮቼም አልሰማሁም» አሉ።

«እንዲህ ነው!» አልሁ እኔ።

«ጾሙስ እሺ፣ መምሬ» አሉ አያ ተገኘ። «ስለቱስ?»

መምሬ ፈንታ እንደገና ወደ ፍትፍታቸው ጎንበስ አሉ። ይህ አናደደኝ፤ የሚረታልኝ ጠበቃ በችሎት መካከል እንደተኛብኝ ሆኖ ተሰማኝ። በመጨረሻ፣ «ስለቱን የገባኸው አንተ፣ የሰማችውም እሷ ናት። እኔ በመካከል ምን አገባኝ? ቢሆን ቢሆን መርማሪውን እስከ ፍስክ ጠብቀኝ በለው» አሉ።

«መርማሪ ይጠብቃል?»

«እንግዲያውስ ኑጉን ሞክረው። ምነው፣ ዘይት አይደለም እንዴ?»

ስለዚህ ቀለበቱ ኑግ ዘይት ጠጣ። ወይዘሮ አንጓች ለወጥ ካስቀመጡት ላይ በሸክላ ቀድተው፣ እየተራገሙ አሞቁልን። ቆዳው አድሮ ሲወጣ እንደ ጥጃ ጆሮ ለስልሶ ነበር፤ ግቢው ሁሉ የወጥ ሽታ ሸተተ። እሱን የገጠምንበት ቀን በረዶ ወርዶ የዋልካው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። አንገቴ ሥር በሚገባው ውሃ እየተቀጣሁ፣ ቀለበቱን በእንጨት እያስገባሁ፣ ልቤ የሚፈልገው ሁለት ተቃራኒ ነገር እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አንደኛው ማኪናዋ እንድትድን፣ ሁለተኛው እኔ ልክ መሆኔ እንዲታይ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳነች። አያ ተገኘ ከየጉዞው ሲመለሱ ጎማውን ፈትተው ደረቁን ከበሮ ያሳዩኛል። «እየው፣ ተማሪው! ሸጋ አይደለም? ኮሌጅህ ስለ ኑግ ምን ይላል?» ወሬው በከተማው ተሰምቶ ሌሎቹ ሹፌሮች ማኪናዋን «ጾመኛዋ» ብለው ሰየሟት። አንዱ ሁልጊዜ ከአራዳ ስንነሣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አያ ተገኘ፣ ዛሬ ምን አበሏት፣ ሽሮ ነው ጎመን?» ይላል። አያ ተገኘም፣ «ያንተዋ ጮማ በልታ ዳገት ላይ ስትተኛ፣ የኔዋ በሽሮ ትቀድማታለች!» ብለው ይመልሳሉ። ተሳፋሪው በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቅ ነበር፤ ሳቄ ግን ሙሉ አልነበረም።

መርማሪው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ፣ የዝናብ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። በአያ ተገኘ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ባዶው አግዳሚ ላይ ሆንሁ። ወደ ወገራ የሚያወጣውን ዳገት ወጣን። አያ ተገኘ እንደ ልማዳቸው ጨዋታ ጀመሩ፤ አገሩን ጠየቁት፣ ዝናቡን ጠየቁት፣ ልጆቹን ጠየቁት። ሰውየው በአንድ ቃል ይመልሳል። ከላይ ደርሰን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ «አሁን ያቁሙ» አለ።

አያ ተገኘ ፍሬኑን ረገጡ። ማኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዞረች፤ የቀኙ ጎማ ይዞ የግራው ስላልያዘ ወደ ቦዩ ተንሸራተተች። የእንጨቱ አግዳሚ ሥር ወደቅሁ። ከቦዩ ዳር ቆመች። ማንም አልተጎዳም። መርማሪው ካፖርቱን ሳይፈታ ወርዶ የግራውን ጎማ በእጁ ዳሰሰና መዳፉን ገልብጦ አሳየን። ጥቁር ነበር።

ጎማውን ፈታን። ቀለበቱን እኔ አወጣሁት። እንደ ቁርበት ደርቆ፣ ዳሩ ላይ ቢጫ ሙጫ የመሰለ ነገር ይዞ አገኘሁት። ይህ ነው የማስታውሰው፤ ለሚሰማኝም ሁሉ የተናገርሁት ይህንኑ ነው።

«ይህች ማኪና ጆንያ ትጫን» አለ መርማሪው። «ሰው አትጭንም።»

አያ ተገኘ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታዬ» አሉ፣ «ጆንያ እኮ አያወራም።»

ሰውየው አልገባውም። የአገሩን አነጋገር እንድተረጉምለት ይመስል ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔስ ምን ብዬ እተረጉመዋለሁ?

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። መርማሪው ቶሎ የሚመለስ አልነበረም፤ በመካከሉም አንድ ሌላ ባለ ማኪና በመንገዱ ገባ። አያ ተገኘ የወገራን ገብስ መጫን ጀመሩ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት አንድ የገበያ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ መውጫ ላይ መምሬ ፈንታ በጃንጥላቸው ሥር ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አነሡ። አያ ተገኘ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ሊያቆሙ መሰለኝ። ከዚያ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ጆንያ ነኝ፣ መምሬ!» ብለው ጮሁና አለፉ። እስከ ጎንደር ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ከጎናቸው ነበርሁ፤ ነገር ግን እንደ ተሳፋሪ አልቆጠሩኝም።

በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ ወይዘሮ አንጓች አንድ ነገር ነገሩኝ። ጾሙ ተፈትቶ፣ አያ ተገኘ ሌላ ቀለበት አስቀድደው፣ ከማገሩ የወረደውን ሞራ አጠጥተው ገጥመውት ነበር አሉ። «እሱም ያው አፈሰሰ» አሉኝ። አላመንኋቸውም። ለባላቸው ሲያደሉ ነው ብዬ አለፍሁት፤ በአፌም፣ «ሞራው አሮጌ ሆኖ ይሆናል» አልሁ። እሳቸውም፣ «ሞራ ምን ጊዜ አሮጌ ይሆናል?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። አያ ተገኘም ወይዘሮ አንጓችም ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

ይህን ሁሉ ለአቶ ሰሎሞን ባለፈው ክረምት በግቢያቸው ቆሜ ተረክሁላቸው። የኑጉን ነገር፣ የመምሬ ፈንታን ፍርድ፣ «ጾመኛዋ» የሚለውን ስም፣ ሰው የሚስቅበትን ቦታ ሁሉ እያወቅሁ። አቶ ሰሎሞን አልሳቁም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«መተንፈሻዋ ክፍት ነበረች?» አሉኝ።

«ምን መተንፈሻ?»

በአክስሉ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ እንዳለች አስረዱኝ። ማኪና ስትሄድ አክስሉ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በዘንጉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። «ያን ጊዜ ቀለበቱ ከቆዳም ይሠራ ከወርቅ፣ ሞራም ይጠጣ ኑግ፣ አይዝልዎትም» አሉ። የራሳቸውን ማኪና መተንፈሻ በሽቦ ወጉት፤ የደረቀ ጭቃ ረገፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ይታየኛል። አያ ተገኘ በክረምቱ መግቢያ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ እንዳይገባባቸው፣ ከወይራ እንጨት ውታፍ ሲጠርቡ። ቢላዋው፣ የሚረግፈው ቅርፊት፣ ከማኪናዋ አጠገብ መንበርከካቸው ሁሉ ይታየኛል። ግን ውታፉ ለአክስሉ መተንፈሻ ነበር ወይስ ለቤቱ የውሃ በርሜል? ጨርሶስ አይቼዋለሁ ወይስ የአቶ ሰሎሞን ጥያቄ ነው የጠረበው? ይህ ምስል ከጥያቄው በፊት አንድም ቀን ወደ አእምሮዬ መጥቶ አያውቅም። ዕድሜ ልኬን ሳልጠራጠር የተናገርሁት ስለ ሙጫው ነው፤ እሱም እንግዲህ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አክስል ውስጥ የከረመ ቆዳ በዘይት ተነክሮ ሳለ ይደርቃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ።

የሚያበሳጨኝ መሳሳቴ አይደለም። መሳሳቴ ቢረጋገጥማ አንድ ነገር ይሆን ነበር፤ ሰው በተረጋገጠ ስሕተት ላይ መቀመጥ ይችላል። የሚያበሳጨኝ ሊረጋገጥ አለመቻሉ ነው። ማኪናዋ ከነአክስሏ ለብረት አቅላጭ ተሸጣለች፤ የሚመሰክር ሰው አልቀረም፤ የቀረሁት እኔ ደግሞ የማልታመን ምስክር ነኝ። በተማርሁበት ትምህርት ሁሉ ውጤት ካለ ምክንያት አለ ተብያለሁ። እሺ፣ አለ። ነገር ግን ምክንያቱ መኖሩና ሰው እጅ መግባቱ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

መተንፈሻዋ የምትገኘው በአክስሉ አናት ነው። ከማኪና ሥር ለተጋደመ ሰው አትታይም። ያን ጧት አያ ተገኘና እኔ በአንድ ጆንያ ላይ ተኝተን፣ እሳቸው ስለ ስለታቸው፣ እኔ ስለ ሞራዬ ስንጮህ፣ ከፊታችን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በማናየው በኩል፣ ያቺ ቀዳዳ ታፍና ኖራ ይሆናል። ይሆናል። ከዚህ ቃል አልፌ አንድ እርምጃ መሄድ አቅቶኛል፤ አያ ተገኘ ደግሞ በ«ይሆናል» የሚያልቅ ወሬ የያዘን ሰው ከጎናቸው አያስቀምጡም ነበር።